ላሙ ላይ እንግዳ አይደለንም

ከላሙ የተመለሰ ሰው ሁሉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመለሳል። አንደኛው «መኪና የሚባል ነገር የለም!» ነው። ሁለተኛው «ሁሉም ነገር በአህያ ነው!» ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ተናጋሪው ትንሽ ትንፋሽ ይወስድና ዓይኑን ወደ ሩቅ ልኮ «በቃ ጊዜ የቆመ ነው የሚመስልህ» ይላል። ከዚያ ስልኩ ይወጣል። ነጭ አሸዋ፣ የሸራ ጀልባ፣ የተቀረጸ የእንጨት በር፣ በሩ ሥር የቆመች አህያ፣ ከአህያዋ ጎን ደግሞ ባለ መነጽሩ ወዳጃችን።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጋር ብዙ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሦስተኛው ጋር ነው። «ጊዜ የቆመባት ደሴት» የሚለው አባባል ምስጋና ይመስላል እንጂ ስድብ ነው። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ዛሬን አይኖሩም፣ ነገም አያስፈልጋቸውም፣ እኛ ለሽርሽር ስንመጣ እንዳሉ ይጠብቁን እንደ ማለት ነው። ከአውሮፓ የመጣ ጎብኚ እንዲህ ሲል «ያው ፈረንጅ ነው» ብለን ልናልፈው እንችላለን። ኢትዮጵያዊ ሲለው ግን ነገሩ ይለያል። ምክንያቱም የላሙን ጊዜ እያንቀሳቀሱ ካሉት ነገሮች በአንዱ ላይ የኢትዮጵያ ስም ተጽፏል። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ ስሙ ውስጥ ቃል በቃል አለን። ወደዚያ እንመጣለን።

ባቡሩ ያለፋት ከተማ

በቅድሚያ ላሙ ምን እንደሆነች እንነጋገር። ላሙ በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ፣ ወደ ሶማሊያ ድንበር በሚጠጋው በኩል የምትገኝ ደሴት ናት። አጠገቧ ማንዳ፣ ፓቴና ሌሎች ትናንሽ ደሴቶች አሉ። በደሴቲቱ ላይ ያለው አሮጌው ከተማ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለየው የኖረ ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ጥንታዊውና ይዞታው በደንብ የተጠበቀው ነው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ቤቶቹ የተሠሩት ከኮራል ድንጋይና ከማንግሮቭ እንጨት ነው። ጎብኚው ለመዋኘት የሚሄድበት የሼላ መንደር ከከተማው በእግር አርባ ደቂቃ ያህል ይርቃል፤ ከሼላ የሚጀምረው ባሕር ዳርቻ ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋል።

ታዲያ ይቺ ከተማ እንዴት እንዲህ ሆና ቀረች? ጊዜ ቆሞላት? አይደለም። ላሙ በዘመኗ የዓለም ንግድ ከተማ ነበረች። ከዓረቢያ፣ ከፋርስና ከሕንድ ጋር በነፋስ ወራት ትነግድ ነበር። በነገራችን ላይ ሀብቷ ንጹሕ አልነበረም፤ በዋናው ምድር ያሉት እርሻዎች የሚታረሱት በባሪያ ጉልበት ነበር። ከዚያ እንግሊዞች መጡና ወደ ኡጋንዳ የሚሄደውን ባቡር ከሞምባሳ አስጀመሩት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1896 ተጀመረ፤ ንግዱም ባቡሩን ተከትሎ ሞምባሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1907 ባርነት ሲቀር የቀድሞው የሀብት ምንጭ ደረቀ። ላሙ ከመስመር ወጣች። አዲስ ሕንፃ የሚያቆም ገንዘብ ስለጠፋ አሮጌው ቤት ቆመ። እንግዲህ «የቆመው ጊዜ» ይኸው ነው።

ይህን ታሪክ ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ሩቅ መሄድ የለበትም። ሐረርን ያስብ። የፈረንሳዮቹ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 የሐረርን ተራራ ትቶ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ የዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ከተማ በአንድ የሐዲድ ውሳኔ ከመንገድ ዳር ቀረች። ዛሬ ጀጎል ውስጥ ገብተን ጠባቡን መንገድ እያደነቅን «ዋው» የምንለው ውበት ከፊሉ የዚያ መገፋት ውጤት ነው። የሐረር ሰው ግን ጊዜው አልቆመበትም። ልጆቹን አስተምሯል፣ ነግዷል፣ ተሰዷል፣ ተመልሷል። የላሙም ሰው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ላሙን ስናይ የምናየው ከልማት አምልጦ የተደበቀ ገነት አይደለም። አንድ ጊዜ የትራንስፖርት ኮሪደር ያለፋት፣ አሁን ደግሞ ሌላ የትራንስፖርት ኮሪደር የመጣባት ከተማ ነው የምናየው። የመጀመሪያው ሲያልፋት ማንም አልጠየቃትም። ሁለተኛው ሲመጣባትም እንደዚያው።

ጸጥታውን ማን ይሸከመዋል?

«መኪና የለም» ማለት ቀላል ነው። ግን መኪና የሚሠራው ሥራ አለ፤ መኪና በሌለበት ያንን ሥራ ሌላ ይሠራዋል። ላሙ ላይ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የኮራል ድንጋዩ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ እናንተ የምትጠጡት የታሸገ ውኃ ሁሉ በጀልባ ይመጣና ከዳርቻው በአህያ ጀርባና በሰው ትከሻ ይገባል። በደሴቲቱ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጉ አህዮች እንዳሉ ይነገራል። የታመሙና የቆሰሉት በነፃ የሚታከሙበት ክሊኒክ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ። ክሊኒኩ የተከፈተው ጭነቱ ስለሚያቆስል ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የአዲስ አበባ ልጆች ነገር ያስቀኛል። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም የምትባል አገር ናት። መርካቶ አካባቢ የተጫኑ አህዮች መንገድ ሲያቋርጡ መስኮት ዝቅ አድርጎ ባለቤታቸውን የሚሳደበው፣ ጥሩምባውን ጆሮ እስኪበጥስ የሚያንባርቀው፣ «እስከ መቼ ነው ከአህያ ጋር የምንጋፋው?» የሚለው ያው ሰውዬ፣ ላሙ ሲደርስ አህያዋን አቅፎ ፎቶ ይነሣል። አዲስ አበባ ላይ «ኋላ ቀርነት» የነበረው ላሙ ላይ «ኦተንቲክ» ይሆናል። አህያ ያው አህያ ናት፤ ጭነቱም ያው ጭነት። የተለወጠው ሰውዬው ለፎቶው የአውሮፕላን ቲኬት መክፈሉ ብቻ ነው።

መኪና አልባነት የጊዜ መቆም ሳይሆን አደረጃጀት ነው። ጠባቦቹ መንገዶች የተሠሩት ቤት ለቤት ጥላ እንዲሰጥ፣ የባሕሩ ነፋስ እንዲዘዋወር፣ ሰው ከሰው ሰላም እየተባባለ እንዲያልፍ ነው። ዕቃ በምን ሰዓት እንደሚገባ፣ ጀልባ በየትኛው ማዕበል እንደሚወጣ፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ሁሉም የታወቀ ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብለን በእሑድ ጠዋት ለጥቂት ሰዓት መንገድ ስንዘጋ ፖሊሱ፣ ገመዱ፣ ማስታወቂያው ስንት እንደነበር አስታውሱ። ላሙ ይህንን በየቀኑ ያለ ገመድ ትሠራዋለች። ይህ ችሎታ ነው። ችሎታን «ጊዜ ቆሟል» ብሎ መጥራት ሠሪውን መካድ ነው።

እርግጥ አሁን አሁን ሞተር ብስክሌቶች ደሴቲቱ ላይ ገብተዋል። የአካባቢው አስተዳደር አሮጌው ከተማ ውስጥ እንዳይነዱ ከልክሏል፤ ክርክሩ ግን አላበቃም። ጎብኚዎች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ፣ «አበላሹት» ይላሉ። ኧረ ቆይ! ሞተሩን የገዛው ወጣት ሥራ የለውም። ነፍሰ ጡር እህቱን ወደ ጤና ተቋም በፍጥነት ማድረስ ይፈልጋል። እሱ ሞተር ሲገዛ «ባህል አጠፋ» የሚለው ሰው ራሱ የመጣው በአውሮፕላን ነው። የሞተሩ ጥያቄ ቀላል ነው አላልኩም፤ አሮጌው ከተማ በሞተር ጭስና ጩኸት መሞላት የለበትም። ግን ይህን የመወሰን መብት የእነሱ ነው። ለአራት ቀን ያረፈ ሰው ድምፅ የለውም።

ሼላ፣ አሸዋውና ውኃው

ሼላ ቆንጆ ናት፤ በዚህ አንከራከርም። ነጫጭ ግድግዳ፣ አበባ የወረደበት ሰገነት፣ ከሰገነቱ ሥር የተጠረገ መንገድ። ግን ቤቶቹ የማን ናቸው ብላችሁ ጠይቁ። ባለፉት አሥርት ዓመታት በሼላ ብዙ ቤቶች በውጭ አገር ባለጸጎች፣ በተለይም በአውሮፓውያን እጅ ገብተዋል። ዓመቱን ሙሉ ተዘግተው ለጥቂት ሳምንት የሚከፈቱም አሉ። መሬት ሲወደድ የመንደሩ ልጅ አግብቶ ጎጆ የሚወጣበት ቦታ ያጣል። ይህንን ከአዲስ አበባ ልጅ በላይ ማን ይረዳዋል? «ተወልጄ ባደግሁበት ሰፈር የመኖር አቅም የለኝም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እኛም በቃላችን እናውቀዋለን።

ሌላም አለ። ከሼላ ጀርባ ያሉት የአሸዋ ኮረብታዎች ለፎቶ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። የዝናቡ ውኃ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ከሥሩ ይጠራቀማል፤ የላሙ ከተማም የሼላም የመጠጥ ውኃ ከዚያ ነው የሚቀዳው። በዙሪያው ያለው ባሕር ጨው ነው። አሸዋው ላይ ቤት በተሠራ ቁጥር፣ ከሥሩም ያለልክ በተቀዳ ቁጥር ጨዋማው ውኃ ወደ ጉድጓዱ ይጠጋል። እንግዲህ የግል መዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ተከራይታችሁ ባሕሩ አጠገብ በጨው አልባ ውኃ ስትዋኙ፣ ከማን ጀሪካን እየቀዳችሁ እንደሆነ አስቡት። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በስማችን የተሠራው ወደብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2012 ሦስት መሪዎች ላሙ አጠገብ ተገኝተው የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ። ፕሮጀክቱ ላፕሴት ይባላል። ስሙ ሲተነተን የላሙ ወደብ፣ የደቡብ ሱዳንና የኢትዮጵያ የትራንስፖርት ኮሪደር ማለት ነው። ወደብ፣ አውራ ጎዳና፣ ባቡር፣ የነዳጅ ቧንቧ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሪዞርት ከተሞች ሁሉ ያሉበት፣ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተገመተ ዕቅድ ነው። ወደቡ ሲጠናቀቅ 32 የመርከብ ማቆሚያ እንዲኖረው ነው የታሰበው። የመጀመሪያው ማቆሚያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2021 ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማቆሚያዎች የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው።

ወደቡ ደሴቲቱ ላይ አይደለም፤ ከማዶ፣ በዋናው ምድር፣ ማንዳ ቤይ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ነው። «ታዲያ ደሴቲቱን ምን ነካት?» የሚል አይጠፋም። የነካው ባሕሩን ነው። የላሙ አስጋሪ አብዛኛው ትልቅ መርከብ የለውም። በትንሽ ጀልባ፣ በመረብና በመንጠቆ፣ በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በኮራልና በማንግሮቭ መካከል ነው የሚያሰግረው። ለትልልቅ መርከቦች የባሕሩ ወለል ሲቆፈርና ሲጠረግ፣ ደለሉ ኮራሉን ሲሸፍን፣ የመርከብ መስመሩም ለትናንሽ ጀልባ ሲዘጋ፣ የእሱ እርሻ ተወሰደ ማለት ነው። መሬቱ የተወሰደበት የእኛ ገበሬ ቢያንስ ድንበሩን በጣቱ ያሳያል። አስጋሪው «እዚህ ጋ ነበር» ብሎ የሚያሳየው ውኃውን ነው።

ታዲያ የላሙ ሰዎች ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤት ሄዱ። በማሊንዲ የተቀመጠው ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረደላቸው። ሕዝቡ በወጉ አልተማከረም፣ ማወቅ የሚገባውን መረጃ አላገኘም፣ የአስጋሪዎቹ ባህላዊ የማስገር መብትና የአካባቢው ባህል አልተጠበቀም አለ። 4,600 ለሚሆኑ አስጋሪዎች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። ከዚያ በኋላ ይግባኝና ድርድር መጣ፤ ገንዘቡም ዓመታት አስጠበቀ። ፍርዱ ግን ተጽፎ ይገኛል።

ሌላም ድል አለ። ከአሮጌው ከተማ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 1,050 ሜጋዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ሊተከል ታቅዶ ነበር። የአካባቢው ሰዎች «ሴቭ ላሙ» በሚል ስብስብ ተደራጅተው ተሟገቱ፤ የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ጥበቃ ትሪቡናል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ፈቃዱን ሰረዘው። ምክንያቱም ተመሳሳይ ነበር፤ ሕዝቡ በአግባቡ አልተማከረም። ሁለት ጊዜ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ጊዜ አንድ መልስ። እንግዲህ «ጊዜ የቆመባቸው» ሰዎች እነዚህ ናቸው። ሰነድ አንብበው፣ ጠበቃ ይዘው፣ መንግሥትንና ኩባንያን ፍርድ ቤት ያቆሙ። ከእኛ ስንቶቻችን ነን ስለ ሰፈራችን እንዲህ ያደረግነው?

«እና ወደብ አያስፈልገንም ልትል ነው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በቀጥታ እንመልሰው።

ያስፈልገናል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ወደብ አልባ አገር፣ ከወጪና ገቢ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በጅቡቲ በኩል ስታመላልስ ሌላ በር መፈለጓ ጤነኛ ነገር ነው። ለደቡቡ የአገራችን ክፍል በሞያሌ የሚገባ መንገድ ትርጉሙ ትልቅ ነው። ወደቡ ይፍረስ የሚል የለም። አስጋሪዎቹም ፍርድ ቤት ሲሄዱ ያሉት «ጠይቁን፣ ንገሩን፣ ያጠፋችሁብንን ካሡ» ነው። የላሙ ወጣትም ሥራ ይፈልጋል፤ በወደቡ ልቀጠር የሚል ብዙ ነው፤ ልክም ነው።

የእኔ ክርክር ሌላ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ባሕር የምናወራበት መንገድ ተበላሽቷል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ወዲህ የባሕር በር ወሬ ከቤታችን አልወጣም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ሲባል ግማሹ ጨፈረ፣ ግማሹ ተሳደበ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ባሕር ማለት ወደብ፣ ወደብ ማለት ደግሞ ካርታ ላይ ያለ ነጥብ ነው። ነጥቡ ላይ ሰው ይኖራል? ዓሣ ያሰግራል? ይጸልያል? ልጅ ይድራል? ይህ አይነሣም። ባሕርን ለሁለት ነገር ብቻ እናውቀዋለን፤ በሥራ ቀን ለኮንቴይነር፣ በእረፍት ቀን ለሽርሽር። በሁለቱም ጊዜ በመሃል ያለውን ሰው አናየውም።

«የኬንያ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ እኛ ምን አገባን?» የሚልም አለ። ፍርዱ የኬንያ ጉዳይ ነው፤ ካሣውንም የሚከፍለው የኬንያ መንግሥት ነው። ግን ስማችን ለፕሮጀክቱ ማሻሻጫ ሆኗል። ለአስጋሪው «ለምን ባሕሬን ቆፈራችሁት?» ብሎ ሲጠይቅ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «ለኢትዮጵያ ጭነት» ነው። በስማችን የሆነ ነገር ሁሉ ጥፋታችን ነው አላልኩም። በስማችን የሆነውን አለማወቅ ግን ምንም ሰበብ የለውም። የዓባይን ጉዳይ ስናነሣ «የእኛን ገበሬ ማን አየው?» ብለን የምንቆጣ ሰዎች፣ የሌላውን አስጋሪ ማየት ካቃተን ቁጣችን ለፍትሕ ሳይሆን ለራሳችን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያመኛል። «ወንድሜ፣ እኛ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶን አንተ ስለ ላሙ ታወራለህ?» እውነት ነው፤ ላሙ የሚሄደው ጥቂት ሰው ነው። ግን ወሬውን የሚያመጡልን እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው። በቲክቶክና በኢንስታግራም ላሙን የምናያት በእነሱ ዓይን ነው። ሄዶ ያየ ሰው አህያና አሸዋ ብቻ ይዞ ከመጣ፣ ያልሄደው ሚሊዮን ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው አህያና አሸዋ ብቻ ይሆናል። ነገ ጭነታችን በዚያ ወደብ በብዛት ሲገባ ደግሞ የቤት ኪራይ ያቃተውም ሰው የሚበላው ዳቦ በዚያ ባሕር ያልፋል።

እና እንዴት እንሂድ?

አትሂዱ አልልም። ሂዱ። ከናይሮቢ ወደ ማንዳ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበረራል፤ ከማንዳ ጀልባ ተሳፍሮ መሻገር ነው። በየብስ የሚመጣ በሞምባሳና በማሊንዲ አድርጎ ሞኮዌ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጀልባ ይገባል። በዚያ መንገድ ላይ የጸጥታ ሥጋት መኖሩን ግን አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአካባቢው ጎብኚዎች ታግተዋል፤ በ2014 በዋናው ምድር ላይ ባለችው ምፔኬቶኒ ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከመሄዳችሁ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ጠይቁ። ይህንንም ስትጠይቁ አስታውሱ፤ እናንተ «ይቅርብኝ» ብላችሁ ትኬት ትሰርዛላችሁ፣ የላሙ ሰው ግን እዚያው ነው፤ በሥጋቱም በሰዓት እላፊውም በተሰረዘው ትኬትም የሚጎዳው እሱ ነው።

ከሄዳችሁ ደግሞ እንደ ሰው ሂዱ። ላሙ ለዘመናት የኖረች የእስልምና ከተማ ናት፤ በየዓመቱ የነቢዩን ልደት፣ መውሊድን ለማክበር ከሩቅ ሰው የሚጎርፍባት ናት። የመዋኛ ልብስ ለባሕሩ ነው፤ ለመንደሩ መንገድ አይደለም። ወሎና ሐረር ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ የጠፋውም ይጠይቅ። ጠባቡ መንገድ ላይ የተጫነች አህያ ስትመጣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ አሳልፏት። ሰውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ማደሪያ ስትመርጡ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቁ። በአሮጌው ከተማ የላሙ ሰዎች ራሳቸው የሚያከራዩዋቸው ቤቶች ሞልተዋል። ጀልባውን ከአስጋሪው ተከራዩ፤ ዓሣውን ከእሱ ግዙ፤ ዋጋ ስትከራከሩ በመርካቶ ልክ አትክረሩ። ውኃ ቆጥቡ። በዚህ ብቻ ግን አታብቁ፤ ይህ የጥሩ እንግዳ ሥራ ነውና። ከእንግዳ በላይ የሚጠበቅባችሁ አንድ ነገር አለ፤ ወደቡን ጠይቁ። ጀልባ የሚቀዝፈውን ሰው «ማንዳ ቤይ ታሰግር ነበር? አሁንስ የት ነው የምታሰግረው? ካሣው ደረሰህ?» በሉት። የሚላችሁን ስሙና ስትመለሱ ከፎቶው ጋር አብራችሁ አምጡት። ፎቶውን ካወጣችሁ ወሬውንም አውጡት።

ለጋዜጠኞቻችንም አንድ ቃል። ስለ ላፕሴት በተጻፈ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ፣ ቢሊዮኑ፣ የባለሥልጣኑ ጉብኝት አለ። አንድ አስጋሪ ግን የለም። ላሙ ሄዶ ከአሥር አስጋሪዎች ጋር መነጋገር የሚያስከፍለው ለአንድ የሆቴል ዐውደ ጥናት ከሚወጣው ያነሰ ነው። ለመንግሥታችንም እንዲሁ። ስማችንን ለፕሮጀክት የሰጠን ሰዎች፣ የወደቡ ተጠቃሚ ሆነን ስንደራደር፣ የማለፊያ ክፍያው ስንት ነው ከሚለው ጥያቄ ጎን «የፍርድ ቤቱ ካሣ ተከፍሏል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብንጨምር ምን ይጎድልብናል? ጎረቤት የሚኮነው እንዲህ ነው። ነገ ደንበኛ ሆነን ስንሄድ በራቸው ላይ የምንጠበቀው በፈገግታ ይሁን በቂም፣ የሚወሰነው ዛሬ በምንጠይቀው ነው።

«ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል» ብለን የምንተርት ሰዎች ነን። እንግዲያው ላሙ የቆመ ጊዜ ሙዚየም መሆኗ ይቅር። አንድ ጊዜ ባቡር ያለፋት፣ አሁን ደግሞ በስማችን መርከብ የመጣባት፣ ፍርድ ቤት ሄዳ የረታች ጎረቤታችን ናት። ከዚያ የምትመለሱ ወዳጆቻችን፣ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ተዉልን። በእሱ ፋንታ አንድ አስጋሪ ያላችሁን ንገሩን።